እትዬ ጫልቱና የሚነዝረው ቧንቧ

ባለፈው ሳምንት ቤዛ የምትባል ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥታ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ የአየር ማውጫ ፋን ገጠመችልን። ጠዋት ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ ስለ ፋኑ ሳይሆን ስለ ቧንቧው ስጨቀጭቃት ነው የዋልኩት። ሥራዋን ጨርሳ ከመሰላሉ ስትወርድ ካቻቢቴዋን ኪሷ ከተተች፣ ፋኑን አበራችና «ይኸው ጋሼ፣ አለቀ። ያሳሰብዎትን ቧንቧ አሁን ይንኩት» አለችኝ። ፋኑ ከኮርኒሱ ሥር ዝግ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ሃምሳን ካለፍኩ፣ መሰላል መውጣትም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ስንት ዓመት ፊቴን የታጠብኩበትን ቧንቧ በገዛ ቤቴ መንካት አቅቶኝ እንደ እንግዳ በር ላይ ተገተርኩ። «ምነው ጋሼ?» አለች ቤዛ። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጪ» አልኳት። ሻይን ከቧንቧ ጋር ምን እንዳገናኘው ልጅቷ አልገባትም፤ እኔም ቶሎ አልገባኝም። ሻዩ እስኪፈላ ወደ ግቢው በመስኮት ሳይ ነው እትዬ ጫልቱ ትዝ ያሉኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር የምንኖረው አሁንም ባለሁበት በዚሁ ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ ሁለት ቤት ባለበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። አንዱ ቤት የእኛ፣ ሌላው የእትዬ ጫልቱ። ግቢው መሃል አንድ የብረት ቧንቧ ቆሟል፤ የሁለታችንም ቤት ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው። እትዬ ጫልቱ በወጣትነታቸው ከሱሉልታ በኩል የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሰው ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው በሰፈራችን ቤት ተከራይተው የሚማሩ የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ጠዋት ነጭ ጋዋን በዘንቢል ታጭቆ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ጋዋን ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ሲወዛወዝ ይታያል። በክረምት ደግሞ ፀሐይ ብልጭ ስትል ማስጣት ነው፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጦ ማስገባት። እጃቸው ከሳሙና ብዛት የጣቶቹ ጫፍ ነጥቶ ተሸብሽቦ ነበር። ስወጣና ስገባ «ኢንጂነሩ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

ኢንጂነር የሚያስብለኝ ነገር አልነበረኝም። በቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክን አንደኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ያ ብቻ ነው። ግን አንደኛ ዓመት የሚባል ነገር ሰውን ያሳብጣል። በእነዚያ ወራት አምፖል የሚቀይር ሰው እንኳ ሳይ አገጬን ይዤ የምመረምር ዓይነት ልጅ ነበርኩ።

እናቴ ከቤታችን ኋላ ያሠራቻት ትንሽ መታጠቢያ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ከሚቀጥለው ግቢ አጥር ጋር ስለተጣበቀ መስኮት ማውጣት አልተቻለም። እናቴ ውሃ አሙቃ ስትታጠብ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳው ላይ ያለቅሳል፣ ኮርኒሱ ጥቁር ሻጋታ አብቅሏል፣ እሷም ከዚያ በወጣች ቁጥር ግማሽ ሰዓት ትስላለች። ደረቷ ድሮም ደካማ ነበር። በዚያ ዓመት ሳሏ ብሶባት ሌሊት በግድግዳው በኩል ስሰማት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ፋን ልግጠምልሽ አልኳት። «ደግሞ ቤቱን እንዳታቃጥለው» አለችኝ፤ እሺታዋ ይህ ነበር።

ፋኑን የገዛሁት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። ከፈረሰ ሆቴል የወጣ ነው አሉኝ። ሙሉ በሙሉ ብረት፣ ከባድ፣ የስንት ዓመት የወጥ ቤት ቅባት የጋገረበት ነገር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በላምባ እየፈተግሁ አጸዳሁት። ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ እንደሆነ አላየሁም። ላብረቀርቀው የፈለግሁት የውጭውን ነው።

ስገጥመው ግን ትምህርት ቤት የተማርኩትን አንድ በአንድ ፈጽሜያለሁ ብዬ ነበር የማምነው። ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካ በሚበራው ቴስተር አረጋገጥኩ፣ ሽቦውን ከሽቦ አገናኝቼ በናስትሮ ጠቀለልኩ። የቀረኝ ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ ነበር። ይህ ሽቦ በደህና ቀን ሥራ የለውም። አንድ ቀን ኤሌክትሪኩ ከመንገዱ ወጥቶ የፋኑን ብረት ከነካ ወደ መሬት ይዞት እንዲሄድ የተዘጋጀ ነው፤ እኛ ቤት ግን የሚሄድበት መሬት አልነበረውም። ቤቱ ሲሠራ ማንም አላሰበበትም። አስተማሪያችን አንድ ቀን በወሬ መሃል፣ በድሮ ቤቶች ሰው ይህን ሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስረው ነበር፣ ቧንቧው መሬት ውስጥ ስለሚገባ፣ ብሎ ነበር። «ያስረው ነበር» ነው ያለው፤ እሰሩ አላለም። እኔ የያዝኩት ግማሹን ነው። መታጠቢያ ቤት የገባችውን የብረት ቧንቧ ዝገቷን በቢላዋ ፍቄ ሽቦውን ጥፍር አድርጌ አሰርኩባት።

ፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ ዞረ። እናቴ በር ላይ ቆማ እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲሳብ ታያለች። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። «ውጭ» አልኳት። እንደገና አየችውና «አሁን ተማርክ» አለች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ዲፕሎማ አልተሰጠኝም።

ይህ የሆነው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። እናቴ በፍልሰታ አንድም ቀን ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፣ ሳትታጠብም አትሄድም። ስለዚህ በየማለዳው ከባልዲዋ ሙቅ ውሃ ጋር ትገባለች፣ ፋኑ ያጉረመርማል፣ ትወጣለች፣ ሳል የለም። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የፋኑን ድምፅ እየሰማሁ በራሴ እኮራለሁ። ግቢው በጭቃ ርሷል፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም እስከ ረፋድ አይገፈፍም፣ ከየቤቱ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ይሸታል። እንዲህ ካለው ማለዳ በአንዱ ነው እትዬ ጫልቱ የጮኹት።

ሮጬ ስወጣ ቧንቧው ሥር እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በቂጣቸው ተቀምጠው ቀኝ ክንዳቸውን በግራቸው ይዘዋል። ጋዋኖቹ ሳፋው ውስጥ እንደተዘፈዘፉ ናቸው።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ያዘኝ» አሉ። «ቧንቧው ያዘኝ። እስከዚህ ድረስ ነዘረኝ» ብለው ትከሻቸውን አሳዩኝ።

ቴስተሬን ይዤ ተመለስኩ። የቧንቧውን ብረት ነካሁት፤ የቴስተሩ መብራት አልበራም። ግራ ገባኝና በእጄ ነካሁት፤ ምንም የለም። እናቴም ጩኸቱን ሰምታ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች፤ እሷም ነካችው፤ ምንም። ሦስታችንም ቧንቧውን እያየን ቆምን። እትዬ ጫልቱ በጥርጣሬ አንድ ጣታቸውን ልከው ነካ አደረጉት። ቀዝቃዛ ብረት ነው። «እንግዲህ እኔ እንጃ» ብለው ወደ እጥበታቸው ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ደገማቸው። በማግስቱም እንዲሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ነው፤ ሁልጊዜ እኔ ቴስተር ይዤ ስደርስ ጠፍቷል። ነገሩ አናቴን ያዞረኝ ጀመር። ቤታቸው ገብቼ አንዲቷን አምፖላቸውን፣ አንዲቷን ሶኬታቸውን ፈታሁ። ሬዲዮናቸውን ነቅዬ ያለ ሬዲዮ አስቀመጥኳቸው። የልብስ ማስጫውን ሽቦ ከአጥሩ አላቅቄ በገመድ ቀየርኩት። በደብተር መጻፍ ሁሉ ጀመርኩ፤ የነዘራቸውን ሰዓት፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ያጠቡት የማንን ልብስ እንደሆነ። እናቴ በዚያ ሰዓት ምን ታደርግ እንደነበር ግን አልጻፍኩም። የሴትዮ ገላ መታጠብ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ታዲያ ሰው ምክንያት ሲያጣ ወደ ሰው ይዞራል። አንድ ቀን፣ ለአምስተኛ ወይም ለስድስተኛ ጊዜ ቴስተሬ አልበራ ሲል፣ እስከ ዛሬ ድረስ ብመልሰው የምመኘውን ነገር ተናገርኩ። «እትዬ፣ ውሃውም ቧንቧውም ምንም የላቸውም። ምናልባት ክንድዎ ይሆናል። ሐኪም ቢያዩት ጥሩ ነው።»

አልተቆጡም። ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት። «የእኔ ክንድ?» አሉ ቀስ ብለው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋዋኑን ሊወስድ የመጣ ተማሪ ጠየቁት። እሱም እንደ እኔ ያልጨረሰ ሐኪም ነበር። «ጠዋት ጠዋት ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል» አላቸው። «ብዙ ዓመት እርጥብ ልብስ መጭመቅ ነርቭ ይጎዳል።» ሁለት ያልጨረስን ተማሪዎች እንዲህ ተስማማን፤ ከዚያ በኋላ እትዬ ጫልቱ በሽተኛ ሆኑ።

በሽታው ደግሞ ቶሎ አደገባቸው። ክንዳቸውን በሻርፕ ማሰር ጀመሩ። ቂቤ አሹት፣ ጠበል ረጩት። ቧንቧውን ሳይነኩ እንኳ ይነዝረኛል ይሉ ነበር፤ ከፍርሃት ይሁን ከእውነት እሳቸውም አያውቁም። ከዚያ ዘንቢሎቹ መቀነስ ጀመሩ። ታች ሰፈር ላለች ሌላ አጣቢ ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ እያስተላለፉ መሆኑን እናቴ ነገረችኝ። በሩ ላይ ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን እያዩ «ወንድሜ ጋ እመለሳለሁ» አሏት አሉ፤ «ልብስ የማያጥብ እጅ ይዤ ከተማ ምን እሠራለሁ?» ከሱሉልታ ከመጡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፏ ሳታደርስ መልሳ አስቀመጠችው። እኔም አዘንኩ፤ ግን ያዘንኩት ለታመመ ሰው እንደሚታዘን ነው።

ፍልሰታ ሊፈታ አራት ቀን ሲቀረው እትዬ ጫልቱ ተራ ለመያዝ በማለዳ ወደ ሆስፒታል ወረዱ። ማታ የዘፈዘፏቸው የመጨረሻዎቹ ጋዋኖች ሳፋው ውስጥ እንዳሉ ነበሩ። እናቴ ከመታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና በበሩ ስንጥቅ ጮክ ብላ ጠራችኝ።

«ዘሪሁን፣ የጫልቱን ልብስ ውሃ አስነካላት። ይሸታል ሳይወጣ ካደረ።»

የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ነበር። ጫማዬን በጭቃ ላለማበላሸት አወለቅኩ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩ፣ በቆሎውን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ቧንቧውን ያዝኩ።

እትዬ ጫልቱ «ያዘኝ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቧንቧው ይይዛል። ክንዴ የእኔ መሆኑ ቀረ፤ ከውስጥ የሚንቀጠቀጥ የሌላ ሰው ክንድ ሆነ፤ ጥርሴ ተጋጨ። እንዴት እንደለቀቀኝ አላውቅም፣ ሳፋውን ገልብጬ ጭቃው ላይ ራሴን አገኘሁት። በቆሎው አጥሩ ሥር ደርሷል። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን ይመስላችኋል? እኔንም ነርቩ ያዘኝ ብዬ ነበር።

ጫማዬን አጥልቄ ቴስተሬን አመጣሁ። ብረቱን ስነካው መብራቱ ቦግ አለ። አሥር ቀን ያህል ስፈልገው የነበረ መብራት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ፤ ከየት ነው የመጣው? ጣቴን ከቴስተሩ ሳላነሳ የግቢውን ሽቦ ሁሉ በዓይኔ ተከተልኩ። የእሳቸው ቤት ተቆልፏል፣ ሬዲዮናቸው እንደተነቀለ ነው። እንዲህ ቆሜ ሳለሁ ከመታጠቢያ ቤቱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ሲያጉረመርም የነበረ፣ ከመላመድ ብዛት የማልሰማው ድምፅ ጸጥ አለ። የቴስተሬም መብራት እጄ ላይ ጠፋ።

እናቴ ተጣጥባ ጨርሳ መውጣቷ ነው። እናቴ በሕይወቷ ከአንድ ክፍል መብራት ሳታጠፋ ወጥታ አታውቅም።

«እማዬ፣ መልሰሽ አብሪው» አልኳት። ቴስተሩ በራ። «አጥፊው።» ጠፋ። «አብሪው።» በራ።

«ቤቴን መጫወቻ አደረግከው እንዴ?» አለች ከውስጥ።

እየቆየ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ገባኝ። ያላየሁት የፋኑ የውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ይነካል፤ ያ የፈረደበት አረንጓዴ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ መታጠቢያ ቤት ለገባችው ቧንቧ፣ በእሷም በኩል ለግቢው ቧንቧ ያስረክባል፤ ቧንቧው ወደ መሬት ሊያወርደው ይገባ ነበር፣ ግን መሬት አይደርስም። ከመንገድ የሚመጣው የብረት መስመር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፈንድቶ በፕላስቲክ ቱቦ ተቀይሯል። ጉድጓዱን የቆፈርኩት፣ ፕላስቲኩንም የቀበርኩት እኔ ነኝ። በገዛ አካፋዬ የቀበርኩትን ቱቦ ረስቼ ነው ሽቦ ያሰርኩበት። እናቴን ያልያዛት ከፕላስቲክ ባልዲዋ በጆግ እየቀዳች፣ በላስቲክ ጫማ የጣውላ ርብራብ ላይ ቆማ ስለምትታጠብ ነው። እትዬ ጫልቱ ግን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ነበሩ። በጮኹ ቁጥር ደግሞ እናቴ ልትደርስላቸው ፋኑን አጥፍታ ትወጣለች፤ እኔ የምደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ፋኑን አውርጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። «አንተ ልትሞት ትችል ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እና ጫልቱስ?» አለች። ከዚያ ወደ ቅዳሴዋ ሄደች።

ያን ዕለት ያሰብኩትን ልደብቅ አልፈልግም። ፋኑ ወርዷል፤ ከነገ ጀምሮ ቧንቧው አይነዝርም። ዝም ብል እትዬ ጫልቱ «ይዳናሉ»። ጠበሉ ነው ይላሉ፣ ቂቤው ነው ይላሉ፤ እኔም ኢንጂነር እንደሆንኩ እቀራለሁ። እስከ ቀትር ድረስ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። አንዴ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ አንዴ ሰውን ከማስቀየም ዝምታ ይሻላል እላለሁ፤ ራሴን የምከላከለው በሳቸው ስም ነበር። ጋዋኖቹን ሁለት ጊዜ አለቅልቄ አሰጣሁ።

በቀትር ላይ እትዬ ጫልቱ ዳገቱን ወጥተው ደረሱ። ክንዳቸው እንደታሰረ ነው። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ ምንም አላገኘሁም፣ ከበዓሉ በኋላ ተመለሱ ብሏቸዋል።

«ሐኪም ያላወቀው በሽታ ነው» አሉ ደፉ ላይ እየተቀመጡ። «በቃ። ልብሴን ልሸክፍ።»

«አልታመሙም እትዬ» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ። መጀመሪያ ታመዋል አልከኝ።»

«ተሳስቼ ነው። ቧንቧው ነው። እኔ ነኝ... ማለቴ፣ የእናቴን ፋን ስገጥም ሽቦውን ከቧንቧው ጋር አስሬው... እሷ ስትታጠብ እርስዎን ይይዛል። ዛሬ እኔንም ያዘኝ። ፈትቼዋለሁ።»

ጭራና ቀንድ በሌለው ንግግሬ ውስጥ የሚፈልጉትን ብቻ ለቅመው አወጡ። «እጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ነርቩስ?»

«ምንም የለዎትም እትዬ።»

ሻርፑን ፈቱት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ፣ ጨበጡ፣ ዘረጉ። «ዋቃ ኮ፣ አምላኬ» አሉና መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ልሰደብ ተዘጋጅቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ለሚስቅና ለሚያለቅስ ሰው ግን ምንም አላዘጋጀሁም። «ና ወዲህ» አሉኝ። ተጠጋሁ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ ወዲያው ጆሮዬን ይዘው እንባዬ እስኪመጣ ጠመዘዙት። «አንተን ቢገድልህስ? እናትህ ማን አላት?» አሉኝ። አሥር ቀን የተነዘሩት እሳቸው፣ የተቆጡት ስለ እኔ። ይህ ነገር ያኔም አልገባኝም።

በሳምንቱ እውነተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ግቢው ውስጥ የብረት ዘንግ መሬት አስመታን፤ የእኔ ፋን ወደ ቁራሊዮ ሄደ። ከእትዬ ጫልቱ ደንበኞች የሚበዙት ተመለሱ። ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያው ጠዋት ሳፋቸውን ይዘው ቧንቧው ፊት ቆሙና ወደ ቤታችን ተጣሩ።

«ዘሪሁን፣ ልንካው?»

ከአልጋዬ ተነስቼ ወጣሁ። ቧንቧውን አየሁት፣ ዞሬ መታጠቢያ ቤት የሚገባውን መስመር አየሁ፣ ምንም አልታሰረበትም። «ይንኩት እትዬ» አልኩ። ነኩት። በማግስቱም ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ትምህርቴን ጨርሼ በሙያዬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ እንኳ፣ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዬን አንግቤ ስወጣ፣ «ልንካው?» ይሉኛል። አንዳንዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ያናድደኛል። ይቅር አላሉኝም ማለት ነው? እስከ ዛሬ ይፈራሉ ማለት ነው? አንድ ቀን እናቴን ጠየቅኋት። «የምን ፍርሃት?» አለችኝ፤ «አንተ በሌለህበት ቀን ዝም ብላ ከፍታ ታጥባለች።» ይህን ስሰማ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ካልፈሩ ለምን ይጠይቁኛል? እሳቸውን ልጠይቃቸው እያልኩ ዓመታት አለፉ። ካረፉም ቆዩ። እናቴም ተከተለቻቸው።

ቤዛ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ፋኑ በርቶ ሳለ ቧንቧውን እንድትለካልኝ ብቻ ጠየቅኋት። ለካች። አጥፍታ ለካች፣ አብርታ ለካች። መሬት የተመታውን ዘንግ ወስዳ አሳየችኝ። ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ራሱን በራሱ የሚያጠፋውን ብሬከር መሞከሪያውን ስትጫነው ቤቱ በሙሉ ድርግም አለ፣ ፍሪጁም ዝም አለ። ሁሉንም መልሳ አበራችና መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ ላይ ያለው መተማመን የማውቀው ነው።

ቧንቧው ፊት ቆምኩና ከአፌ ሳላስበው ወጣ።

«ልንካው?»

አልሳቀችም። አፏን ልትከፍት ብላ ተወችውና ቀና አለች። ዓይኗ ወደ ፋኑ ሄደ፣ ከፋኑ ሽቦውን ተከትሎ ወረደ፣ ወደ ብሬከሩ ዞረ። መሰላሉን አስጠግታ ወጣችና አንዲቱን ብሎን በካቻቢቴዋ ግማሽ ዙር አጠበቀች። ወረደች። ያን ጊዜ ነው የመለሰችልኝ።

«ይንኩት ጋሼ።»

ለካ እኔም በየማለዳው መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞሬ መስመሩን አይ ነበር። እትዬ ጫልቱ ያን ሁሉ ዓመት ሲጠይቁኝ የኖሩት ስለ ቧንቧው አልነበረም፤ ዞሬ እንድመለከት ነበር። ሌላ ቦታ፣ የሌላ ሰው ቤት ሄጄ ስሠራ፣ እሳቸው በሌሉበት እንዳልረሳው። ቧንቧውን ከፈትኩት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።